ሐረርን ደግሞ ለሚያይ፦ ጀጎል ውስጥ መንገድ ዳር የመብላት መመሪያ

«ሐረር ልሄድ ነው፤ የት ልብላ?» ይህን ጥያቄ በተደጋጋሚ እጠየቃለሁ። ከሚጠይቁኝ ውስጥ ብዙዎቹ ከተማዋን አንዴ ያዩ ናቸው። ግንቡን ዞረዋል፣ ጅቡን አብልተዋል፣ ፎቶ ተነስተዋል። ምግቡን ግን ሆቴል ተቀምጠው በልተው ነው የተመለሱት። አሁን ለሁለተኛ ጊዜ ሲሄዱ መንገድ ዳር መብላት አምሯቸዋል፤ ሆዳቸውንም ይፈራሉ።

መልሴ ሁሌም አንድ ነው። «የት» ከማለታችሁ በፊት «ስንት ሰዓት» በሉ። ጀጎል (በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማ) ውስጥ ብዙው የመንገድ ዳር ምግብ የሚሸጠው ስም በሌለው ቦታ ነው። ጠዋት ፈቲራ የሚጋገርበት ደጃፍ ከሰዓት ስትመጡ ባዶ ግድግዳ ነው። ከረፋዱ ላይ ማንም ያልነበረበት ጥግ ደግሞ አመሻሽ ላይ ሳምቡሳ ይጠበስበታል። ስለዚህ መመሪያውን በሰዓት ቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ። ሰዓቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ዝርዝር ብር። ባለ 10ና ባለ 50 ኖት በብዛት፣ ሳንቲምም ቢኖር ጥሩ ነው። ለአንድ ሳምቡሳ ድፍን 200 ብር የምትሰጧት ሴትዮ መልስ ፍለጋ ሦስት ሱቅ ትዞራለች፤ እናንተም ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ። በስልክ ክፍያ የሚቀበሉ አሉ፣ ግን አትተማመኑበት።
- የእጅ ማጽጃ ጄልና ትንሽ ሳሙና። ሐረር በውኃ እጥረት የቆየች ከተማ ናት። መንገድ ዳር ቧንቧ አትጠብቁ።
- የታሸገ ውኃ። ክዳኑ ሲከፈት ቀጭ ማለቱን ስሙ።
- የራሳችሁ ኩባያ። ሻይ በእሱ ይቀዳላችኋል። ለምን እንደሆነ ከታች እነግራችኋለሁ።
- ሶፍት፣ ክዳን ያለው ትንሽ ዕቃ፣ አንድ ፌስታል ለቆሻሻ።
- ሁለት ፓኬት ለምለም (ኦአርኤስ)። ከመሄዳችሁ በፊት ፋርማሲ ግዙ።
- ሹራብ። ድሬዳዋ ላይ ያላበው ሰው ሐረር ሲመሽ ይበርደዋል። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ናት።

1. መጀመሪያ ቀኑን አስተካክሉ

ከሁሉም በፊት የቀን መቁጠሪያ እዩ። ረመዳን ከሆነ ጀጎል ውስጥ ቀን ቀን መንገድ ዳር የሚበላ ነገር አታገኙም ማለት ይቻላል። እናንተ ይዛችሁ የመጣችሁትንም ቢሆን በሰው ፊት መብላት ነውር ነው። ግን ረመዳንን ከዕቅዳችሁ አትሰርዙት። ማፍጠሪያው ሲደርስ ተምሩ፣ ሾርባው፣ ሳምቡሳው በየደጃፉ ይወጣል፤ ሁሉም ትኩስ ነው፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው የሚበላው በአንድ ሰዓት ነው። ቀን ተኝታችሁ ማታ መውጣት ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ።

ከኢድ በኋላ ባለው ሳምንት የሚከበረው የሸዋል ኢድ ከሆነ ደግሞ ማደሪያ ቀድማችሁ ያዙ። በዓሉ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ከተማዋ በእንግዳ ትጨናነቃለች።

ዓርብ ቀትር ላይ ለጁምዓ ሶላት ብዙ ሱቅ ይዘጋል። ዓርብ የምትገቡ ከሆነ ምሳችሁን ወይ አስቀድሙ ወይ አዘግዩ።

ለጿሚዎችም አንድ ነገር። የምስር ሳምቡሳ ረቡዕና ዓርብም ያስኬዳል። ፈቲራ ግን ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት፤ ያለ እንቁላል በማር ቢሠራላችሁም ቅቤ መኖር አለመኖሩን ጠይቁ። የሥጋውን ነገር አገሩን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጀጎል ውስጥ የሚሸጠው የሥጋ ሳምቡሳ የእስላም ሥጋ ነው። የክርስቲያን ሥጋ ብቻ የምትበሉ ከሆነ ምስር ያለበትን ያዙ። ሻጯን ብትጠይቁ ማንም አይቀየማችሁም። እዚያ አገር ይህ ጥያቄ የዕለት ተዕለት ነው።

2. የገባችሁ ዕለት ማታ አትብሉ፤ ዙሩ

ይሄን ስል ሰው ይስቃል። ግን ከአዲስ አበባ በመኪና የመጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ተንገላቷል። በአውሮፕላን ወይም በባቡር ድሬዳዋ የወረደም ቢሆን በሚኒባስ ወደ አንድ ሰዓት ያህል ዳገትና ጥምዝ አለበት። የተናወጠ ሆድ ላይ ዘይትና በርበሬ መጨመር አያዋጣም። ማደሪያችሁ ቀለል ያለ ነገር ብሉና ውጡ።

ከሐረር በር በዋናው መንገድ ወደ ፈረስ መጋላ አደባባይ ሂዱ። ከዚያ በመኪና ግርግር፣ የልብስ ስፌት መኪናው በሚንጫጫበት ጠባብ መንገድ፣ ወደ ግድር መጋላ ገበያ ውረዱ። እግረ መንገዳችሁን ሦስት ነገር ልብ በሉ፦ ማን ጋ ሰው ይሰለፋል? ማን ጋ ምጣዱ ሳይቀዘቅዝ ይሞላል? ማን ጋ ልጆች በሳህን ተልከው መጥተው ለቤት ይወስዳሉ? የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። ለቤተሰቡ ልጁን የሚልክ ጎረቤት ያንን ሻጭ ለዓመታት ሲያውቀው የኖረ ሰው ነው።

ቦታውን ስልካችሁ ካርታ ላይ ምልክት አድርጉበት፤ ወይም ፊት ለፊቱ ያለውን በር ቀለም ጻፉ። የጀጎል መተላለፊያዎች ይመሳሰላሉ። እኔ ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ «አረንጓዴው በር ጋ» ብዬ በጭንቅላቴ ይዤ ነበር። ለካ ግማሹ ከተማ በሩን አረንጓዴ ቀብቶታል። ብትጠፉ ደግሞ አትጨነቁ። ግንቡ ጋ እስክትደርሱ ሂዱ፣ ከዚያ ግንቡን ተከተሉ፤ አንዱ በር ላይ ያወጣችኋል። ዙሪያው በሙሉ 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

3. ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፦ ፈቲራ

የሐረር ጠዋት ፈቲራ ነው። ይህን ሰዓት ከተኛችሁበት ጉዟችሁ ግማሹ ሄደ።

ቆማችሁ አሠራሩን እዩ፤ የምትበሉትን ከምትመርጡበት መንገድ ሁሉ ይሄ ይሻላል። ሊጡ በድቡልቡሉ ዘይት ተቀብቶ ያርፋል። ሰውየው አንዱን አንስቶ ዘይት የጠጣ ጠረጴዛ ላይ በመዳፉ ይጨፈልቀዋል። ከዚያ ጠርዙን በጣቶቹ እየሳበ ያሳሳዋል፣ ያሳሳዋል፣ ጠረጴዛው በሊጡ ውስጥ እስኪታይ ድረስ። እንቁላል ይሰብርበታል፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ይበትንበታል፣ አራቱን ጎን እንደ ፖስታ ያጥፈውና ብረት ምጣዱ ላይ ጣል። ጩስ ይላል። ሲገለበጥ ጀርባው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ካልታየ ገና ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር በአፋችሁ ተናገሩ። «በደንብ ይብሰል» እና «ዘይት አታብዛ»። የመጀመሪያውን የምትሉት መሐሉ ላይ ያለው እንቁላል ቶሎ ስለማይበስል ነው፤ ውጪው ሲያምር ውስጡ ሊዝለገለግ ይችላል። ሁለተኛውን የምትሉት ደግሞ ቀኑ ገና ስለሆነ ነው። ጠዋት በዘይት የጠገበ ሰው ከሰዓት በኋላ የሚቀርበውን ሁሉ በዓይኑ ብቻ ያየዋል።

ሁለት ከሆናችሁ አንድ በእንቁላል፣ አንድ በማር እዘዙና ተካፈሉ። የማሩን መጨረሻ ላይ ብሉት። ትኩሱን በእጃችሁ እየቆረሳችሁ ሽፋን በሽፋን ሲለያይ ማየት ነው ደስ የሚለው።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ሻጩ ሕፃን ልጅ ሆነ ሽማግሌ፣ «አንተ፣ እንቁላል ትፈልጋለህ?» ብሎ ቢያነጋግራችሁ አትቆጡ። የሐረርና የድሬ ሰው አንቱታ አያበዛም። ንቀት አይደለም። «አቦ» ከተባላችሁማ ተወዳችኋል።

4. የሚጠጣውን ከመቅመሳችሁ በፊት ጠይቁ

ከፈቲራው ጋር ሻይ ይመጣል። ብርጭቆው እንዴት እንደሚታጠብ እዩ። አንድ ባልዲ ውኃ ውስጥ አሥር ብርጭቆ እየተነከረ ከወጣ የራሳችሁን ኩባያ አቅርቡ። ሻዩ ራሱ የፈላ ነው፤ ችግሩ ያለው ብርጭቆው ላይ ነው። ኩባያችሁን ስታወጡ ፈገግ በሉ፤ «ለመንገድ ነው» በሉ። ሰው ማስቀየም አያስፈልግም።

ሆጃና ቁቲ ከተገኘ አትለፏቸው። ሆጃ የቡና ገለባ ተፈልቶ በወተት የሚጠጣ ነው፤ ገለባው እዚያ ሐሸር ይባላል። ቁቲ ደግሞ ከቡና ቅጠል የሚፈላ ነው። ሁለቱም ከመንገድ ይልቅ ቤት ስለሚዘወተሩ ማደሪያችሁ ውስጥ ብትጠይቁ የማግኘት ዕድላችሁ ይሰፋል። ጨው የሚያደርጉበት ሰዎች አሉ። ስለዚህ «በስኳር ነው በጨው?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አብሮኝ የሄደ ጓደኛዬ ጣፋጭ ነው ብሎ በአንድ ትንፋሽ የጨለጠው ጨው ያለበት ነበር። ፊቱን አሁንም አስታውሰዋለሁ።

5. ዋጋውን ሳትጠይቁ እወቁ

እዚህ ዋጋ አልጽፍላችሁም፤ እስክትደርሱ ይለወጣል። ዘዴው ይህ ነው። ቀድሟችሁ የተሰለፈው ሰው ስንት እንደሰጠና ስንት እንደተመለሰለት እዩ። እናንተም ያንኑ ያህል ዘርግታችሁ ስጡ። «ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ በአዲስ አበባ ቅላጼ ሲመጣ መልሱ አንዳንዴ ከፍ ይላል። ትንሽ ቢጨመርባችሁም አትከራከሩ። ለሁለት ብር ስትነታረኩ ሳምቡሳው ይቀዘቅዛል።

6. ረፋድ ከ3 እስከ 6 ሰዓት፦ ገበያው

አሁን የሚበላው ቀዝቃዛ ነገር ነው። ከሸዋ በር ውጪ ያለውን ገበያና ግድር መጋላን ዙሩ። ፍራፍሬ ስትገዙ ደንቡ አንድ ነው፤ ራሳችሁ የምትልጡትን ብቻ። ማንጎ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ወቅቱ ከሆነ ግሽጣ። ተቆርጦ ሳህን ላይ የተቀመጠ ፓፓያ ምንም ያህል ቢያምር ተዉት። በምን ቢላ እንደተቆረጠና በምን ውኃ እንደተረጨ አይታወቅም። በለስ ካገኛችሁ ግን ሻጯ ትላጥላችሁ፤ በእጃችሁ አትንኩት። እሾኹ በዓይን አይታይም፣ ምላስ ላይ ግን ቀኑን ሙሉ ይታወቃል።

የባቢሌ ለውዝ በሐረር ገበያ ሞልቷል። በጣሳ ወይም በብርጭቆ ተሰፍሮ በወረቀት ይጠቀለላል። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ፍሬ ፈልቅቁ። የተጨማደደ፣ የጠቆረ ወይም ሻጋታ የሚሸት ከሆነ ሌላ ሻጭ ጋ ሂዱ። ለውዝ በደንብ ሳይደርቅ ሲከማች የሚያበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። ጉበት ይጎዳል፣ መቁላት ደግሞ አያጠፋውም። «ይቆላ እንጂ ምን ይሆናል» የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም።

ግድር መጋላ ሥጋ ተራው አጠገብ ስትደርሱ በእጃችሁ የያዛችሁትን ሸፍኑ። እዚያ ሰማይ ላይ ጭላቶች ያንዣብባሉ፤ ሥጋ ከእጅ መንጠቅ ለምደዋል። የእናንተን ሳምቡሳ ከሥጋ አይለዩትም። ጥፍራቸውም ቀላል አይደለም።

7. ከ7 እስከ 10 ሰዓት፦ ተኙ

ምሳ ከተበላ በኋላ ከተማዋ ትቀዘቅዛለች። የበርጫ (የጫት መቃሚያ) ሰዓት ነው። ሱቁ ክፍት ቢሆንም ባለቤቱ ፍራሹ ላይ ተጋድሟል። በዚህ ሰዓት የምታገኙት የመንገድ ዳር ምግብ ከጠዋት የተረፈ ነው።

በዚህ ሰዓት ነው እኔ የተሳሳትኩት። 9 ሰዓት ላይ ርቦኝ መስታወት ሳጥን ውስጥ የዋለ የሥጋ ሳምቡሳ ገዛሁ። ሲይዙት ለብ ያለ ነበር። ፀሐይ ያሞቀው መሆኑን ያወቅኩት ሌሊቱን መጸዳጃ ቤት ስመላለስ ካነጋሁ በኋላ ነው። የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ ከቆየ ተሕዋስ ይራባበታል፤ አየሩ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ 1 ሰዓት ይበቃዋል። ለብ ያለ ማለት ትኩስ ማለት አይደለም።

8. ከ10 ሰዓት እስከ 12፦ ሳምቡሳና ባጂያ

ከተማዋ ስትነቃ ዘይቱ ይጣዳል። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ።

ሀ. መጀመሪያ ዘይቱን እዩ። እንደ ቡና ከጠቆረ፣ ከጨሰ ወይም ነጭ አረፋ ከደፈቀ ብዙ ጊዜ ተጠብሶበታል። ለሆድም ለጣዕምም አይሆንም።

ለ. የተቆለለውን አትውሰዱ። «አሁን የሚወጣውን እጠብቃለሁ» በሉ። ይህ ብቻውን ሌላውን ጥንቃቄ ሁሉ በግማሽ ይቀንስላችኋል።

ሐ. አንዱን ገምሱትና እንፋሎቱን እዩ። ከመሐሉ እየተነነ ካልወጣ ውስጡ አልሞቀም። ያው መልሳ ትጥበስላችሁ።

መ. ሳምቡሳውን በሌላ ሰው እጅ በተነካ የዳጣ (የቃሪያ ማባያ) ሳህን ውስጥ አትንከሩት። ዳጣውን በማንኪያ አስደርጉት፣ ያውም ጥቂት። ሳምቡሳው ከዘይት ውስጥ ትኩስ ሲወጣ ዳጣው ግን ሳይበስል ክፍት እንደዋለ ነው።

ባጂያው ደግሞ ከጥራጥሬ ሊጥ የሚጠበስ ነው። ወዲያው ካልተበላ ይደርቃል፤ ለማታ ብላችሁ አታስቀምጡት። ሁለት ሦስት ፍሬ ይበቃችኋል።

9. ማታ፦ የግመል ወተት ሻይ

ጅቡን ዳግም ማየት ለሚፈልግ ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ስትመለሱ ብርድ ይኖራል፤ በግመል ወተት የተፈላ ሻይ ለዚህ ሰዓት የተፈጠረ ነው። ዕቃው በጭስ ስለሚታጠን ወተቱ ጭስ ጭስ ይላል። ለለመደ ሰው ይጣፍጣል፣ ላልለመደ መጀመሪያ እንግዳ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ወተቱን ጥሬውን አትጠጡ። «አይጎዳም፣ መድኃኒት ነው» ይሏችኋል። ያልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስ የሚባለውን በሽታ ከእንስሳ ወደ ሰው ያስተላልፋል፤ ትኩሳቱና የመገጣጠሚያ ሕመሙ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ በተለይ ተጠንቀቁ። ሲፈላ ካላያችሁ ይቅርባችሁ።

10. በሁለተኛው ቀን ያንኑ ሰው ጋ ተመለሱ

ብዙ ሰው በየቀኑ አዲስ ሻጭ ይሞክራል። እኔ ተቃራኒውን እመክራለሁ። ትናንት ፈቲራ የበላችሁበት ጋ ዛሬም ሂዱ። ሆዳችሁ ያንን ዘይትና ያንን እጅ ሌሊቱን አልፎታል፤ ይህ ከማንም ምክር የተሻለ ማስረጃ ነው። በተጨማሪ ሁለተኛ ቀን ላይ የደንበኛ እጅ ይመጣል። ሳትጠይቁ እንቁላሉ ይበስላል፣ ማሩ ይጨመራል። ሌላ የት እንደሚጣፍጥም የምትጠይቁት እሱን ነው። ፎቶ ማንሳት ከፈለጋችሁም በዚህ ቀን አስፈቅዳችሁ አንሱ። በተለይ ሴቶቹን ሳታስፈቅዱ ካሜራ አትደግኑ፤ ዳግም አይሸጡላችሁም።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

- በባዶ ሆድ ዳጣ መጀመር።
- ሁሉንም በአንድ ቀን መቅመስ። ሆድ ቢታመም የቱ እንደሆነ አይታወቅም። በቀን ከሁለት አዲስ ነገር አትለፉ።
- በግራ እጅ መቀበልና መብላት። ግራኝ ብትሆኑም እዚያ ቀኙን ተጠቀሙ።
- የምትበሉትን ይዛችሁ መሄድ። ቆማችሁ ጨርሱ፤ ወረቀቱን ለሻጩ መልሱ ወይም ፌስታላችሁ ውስጥ ክተቱ።

ሆድ ቢበላሽ

አንድ ፓኬት ለምለም ፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን፣ ብዙ ጊዜ በ1 ሊትር የታሸገ ውኃ፣ በጥብጡና ቀስ እያላችሁ ጠጡ። ፓኬት ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልሙጥ ይሁን። ጨው ከበዛ ይጎዳል። ደም ከታየ፣ ትኩሳት ካለ፣ ውኃ እንኳ መያዝ ካልቻላችሁ፣ ወይም የታመመው ሕፃን ወይም ሽማግሌ ከሆነ ቤት አትቆዩ፤ ጤና ተቋም ሂዱ። የማስቆሚያ ክኒን በራሳችሁ አትጀምሩ።

11. የሚወሰደውን መጨረሻ ቀን ጠዋት ግዙ

ቡናውን የተቆላ ፍሬ እንጂ የተፈጨ አትግዙ፤ የተፈጨ መንገድ ላይ ሽታውን ይጨርሳል። ለውዙን በጨርቅ ከረጢት አድርጉት፣ ፌስታል ውስጥ ያልበዋል። ሙሸበክ፣ ያ ብርቱካንማው ጣፋጭ፣ ሽሮፑ ስለሚፈስ ክዳን ያለው ዕቃችሁ ውስጥ ክተቱት። ሻንጣ ውስጥ አታስገቡት፤ በእጃችሁ ያዙት። ሳምቡሳ ግን አትጫኑ። አዲስ አበባ ሲደርስ ሳምቡሳ መሆኑ ቀርቷል።